ባለቤት

ሙሐረቅ ውስጥ፣ ከአሮጌው ገበያ ጀርባ፣
ሁለት ሰው ጎን ለጎን በማያስገባ
መንገድ ጥግ ላይ አንድ ቤት አለ፤
ከባሕር በተፈለጠ ድንጋይ ጎኑ የተከለለ፣
በሩ ከህንድ በመርከብ የመጣ፣
ምስማሩ እንደ ጡት ከደረቱ የወጣ።

ጠዋት ቁልፉን ሳዞር «ቤት ለእንቦሳ» እላለሁ፤
«እንቦሳ እሰሩ» የሚል ድምፅ እጠብቃለሁ፤
የሚመልስ የለም። ከነፋስ ማማው ላይ አንዲት ርግብ ብቻ
ጉሮሮዋን ትጠርጋለች፣ እንደ ስብሰባ መክፈቻ።

በመግቢያው ግድግዳ፣ ከመስታወት ስር፣
የባለቤቶቹ ተጽፏል ዝርዝር።
ጎብኚ ሳይመጣ አቧራውን ስጠርግ
በቃሌ ወጣኋቸው፣ እንደ ዘር ሐረግ።

አንደኛ፣ ራሺድ ቢን ሻሂን፣ የሉል ነጋዴ፣
በቀይ ጨርቅ ዘርግቶ የሚመዝን በዘዴ።
ዓይኑ ሲፈዝበት ሉል ይለይ ነበር በጥርሱ።
«ቤቴ ከአንዲት ሉል ወጣ» ይል ነበር እሱ፤
ሉሏ ከማን ትንፋሽ፣ ከማን ሳንባ እንደወጣች
አልተጻፈም። መቼም ራሷ አልዋኘች።

ሁለተኛ ጁማ፣ ልጁ፣ እጁ የማይጨበጥ፣
ለእንግዳ ምንጣፍ፣ ለዘፋኝ ሰዓት የሚሰጥ።
ጃፓኖች ሉልን እንደ ዶሮ በቅርጫት ሲያረቡ
የአባቱ ሰባት ጀልባ እንጨት ሆኖ ቀረ፣ ከወደቡ።

ሦስተኛ ሐጂ ዘይነል፣ ከባሕሩ ማዶ፣ የሩዝ ነጋዴ፤
ቤቱን በዕዳ ወሰደው፣ አላደረበትም ለአንዴ፤
ሉል ይመዘንበት የነበረውን ክፍል በጆንያ ሞላ።
ዛሬም ሲያካፋ ግድግዳው ሩዝ ሩዝ ይላል፣ ከዚያ ሁሉ ዘመን በኋላ።

አራተኛ ጡወይባ፣ ዓይነ ስውሯ መበለት፤
በአንድ እጇ ተምር፣ በአንድ እጇ አለንጋ ይዛ
የሠፈሩን ልጅ ሁሉ ቁርዓን ያስቀራች፣ እዚሁ ደጃፍ ላይ።
ከሁሉም የምወዳት እሷን ነው። ለምን እንደሆነ አትጠይቁኝ።

አምስተኛው የልጅ ልጇ ነው፤ አዲስ ቪላ ገብቶ
አሮጌውን አከራየው፣ በአልጋ ቁጥር ለይቶ።
ሠላሳ አንድ ሰው። ከኬረላ፣ ከቤንጋል።
ስማቸው አልተለጠፈም፤ የልብስ ማስጫ ምስማራቸው ግን
እስከ ዛሬ ጣሪያው ላይ ይታያል።

አንድ ቀን አስጎብኚዋ ኑፍ
ለእንግዶች የውርስ ወረቀት ታነባለች፤
እኔ ወለል እየወለወልኩ እሰማለሁ፦
«ሰባት ጀልባ። የህንድ በር። ሁለት ሳጥን።
ሚዛን ከነጠጠሩ። ሚርጃን፣
ሐበሻው ጠላቂ። አራት ምንጣፍ።»

ከሚዛንና ከምንጣፍ መሃል።
መወልወያዬ ቆመ።

ሚርጃን ማለት የባሕር ድንጋይ ነው።
እናቱ ያወጣችለትን ወስደው
በግድግዳው ስም ጠሩት።
እኔንም የመጀመሪያዋ እመቤቴ «ጀማነሽ ለአፍ ይከብዳል» ብላ
መርየም አለችኝ፤ ስድስት ዓመት ሙሉ
በሰው ስም አቤት አልኩ።

መርሳ፣ ስድስተኛ ክፍል። መምህር አረጋኸኝ፣ በጠመኔ የነጣ ጺሙ፣
«ባለቤት ማለት» ይለን ነበር፣ «በሰዋስው ባለ ንብረት አይደለም፤
ድርጊቱን የፈጸመ ነው ትርጉሙ።
ዓረፍተ ነገሩ ላይ ካጣችሁት አትደንግጡ፤
ከግሡ ጭራ ተሸጉጧል፣ ከዚያ ጎትታችሁ አውጡ።»

እሺ፣ መምህር።

ፈለጠ። ተሸከመ። ለሰነ።
ጠለቀ።
ገመዱን ነቀነቀ። ተነፈሰ። እንደገና ጠለቀ።
ጆንያ አወረዱ። ልብስ አሰጡ።
ጠረግሁ።

በእርጥበቱ ወራት ግድግዳው ጨው ያልበዋል።
በጨርቅ አነሳዋለሁ፤ በማግስቱ ተመልሶ ይጠብቀኛል።
«ባሕሩ ገና አልወጣለትም» ትላለች ኑፍ።

ዛሬ ጠዋት ቁልፉን አዙሬ፣ ድምፄን ከፍ አድርጌ
«ቤት ለእንቦሳ፣ አያ ሚርጃን» አልኩ።
ርግቧ ዝም አለች።
ባልዲዬን አነሳሁ።
ገባሁ።