የነቀልነው

ለስኳር ተሰልፈን ከሸማቾች ሱቅ ደጅ፣
ከንጋት እስከ ቀትር፣ ደብተር ይዘን በእጅ፣
«አልቋል» ብለው ሸኙን፤ ፌስታሌን አጣጥፌ
ገባሁ በባዶ እጄ፣ ተራዬን አትርፌ።
ለካ ድርሻዬማ ቀድሞ ተሰፍሮ
በደሜ ውስጥ ኖሯል፣ በዝምታ አድሮ።

ሲስተር ጽጌማርያም ጣቴን በመርፌ ወግታ፣
ቁጥሩን አሳየችኝ፣ መነጽሯን ወደ ግንባሯ አውጥታ፤
ከዚያ ቀስ ብላ፦ «አጃ ይወዳሉ?»
(ለእንዲህ ያለ ጥያቄ ሰዎች ምን ይመልሳሉ?)

አጃ!
አባቴ ሰላሌ፣ ከስንዴው መሐል
ሲናርን በሁለት ጣት እየሳበ ሲነቅል፣
አጃም የሲናር ዘመድ ነውና አብሮ ይሰደብ ነበር፤
እኔ ከኋላ፣ የተነቀለውን ታቅፌ ለበቅሎዋ ስገብር።

ኮዬ ፈጬ ነን፤ አራተኛ ፎቅ፣
ነፋሱ በር ሳያንኳኳ የሚዘልቅ፤
ውኃ በማክሰኞ፣ መብራት ባሰኘው ሰዓት የሚመጣበት፣
የሊፍቱ ቦታ ጉድጓድ፣ ልጆች ድምፃቸውን የሚጥሉበት።

ሰኞ ገንፎ። ማክሰኞ ገንፎ። ረቡዕም ያው።
ሐሙስ ላይ ማንኪያው ራሱ የሰለቸው መሰለኝ፤
በሦስተኛው ሳምንት፣ ከታክሲ ተራው ጥግ፣ ቦምቦሊኖ ጠራኝ።
ሁለት በላሁ። (ሦስት።)
ተራ አስከባሪ ነኝ፤ የሰው ወረፋ ሳስከብር ውዬ
የራሴን ጣስኩት፣ ከላስቲኩ ኋላ ተከልዬ።

ማታ እታገኝ ከጢሜ ላይ ነጩን ቅንጣት በጣቷ አንስታ
ቀመሰችው። ትጮኻለች ብዬ ስጠብቅ፣ ዝም አለች ለአንድ አፍታ፤
«ጥፋቱ» አለች፣ «ያንተ ብቻ አይደለም፤
በቅሎም ብትሆን በአንድ ቀለብ ዓመት አትዘልቅም።»

ከዚያ ወዲህ ቤታችን ሌላ ነገር ይሸታል፤
ከወይዘሮ ሎሚ ጉልት አጃው በጣሳ ይመጣል።
(የጣሳዋ ቂጥ ወደ ላይ ጎብጧል፤ እናውቃለን፣ ዝም እንላለን፤
ዱቤያችን ሲዘገይ እሷም ዝም ትላለች፣ እኩል እንሆናለን።)
አንዳንዱ ተከክቶ ቂንጬ፣ ጎመን ተከትፎበት፤
አንዳንዱ ሾርባ፣ ካሮትና ነጭ ሽንኩርት ገብቶበት፤
የተረፈው ገንፎ አድሮ ሲጠጥር
እንደ አይብ ተቆርጦ ይጠበሳል፣ ከቃሪያና ከቲማቲም ጋር።
ቂጣው ግን እስካሁን አልሰመረም፤ ይሰነጣጠቃል፤
እሷ «ተልባ አነሰው»፣ እኔ «እሳት በዛበት»፤ ክርክሩ ከቂጣው ይበልጥ ያጠግባል።

ሊነጋ ሲል መብራት ስለሚሄድ፣ ዘዴ የፈጠረች እሷ ናት፦
የፈላ ውኃ፣ እፍኝ አጃ፣ ፔርሙዝ፤ ከዚያ መተኛት።
ጠዋት ክዳኑን ስትከፍተው
እንፋሎቱ ፊትህን ይዳብሳል፣ ሌሊቱን ሲበስል ያደረው።

በኅዳር አባቴ ለሐኪም ብሎ መጣ፤
አራት ፎቅ በከዘራ፣ አንዴም ሳይቀመጥ ወጣ።
ሳህኑን አየና «ይሄማ የበቅሎ ነው» ብሎ ሳቀ፤
አንዴ ቀመሰ፤ ሁለቴ፤ ሳቁ ቀስ በቀስ ራቀ።
ጠርጎ በላ። ከመስኮቱ ማዶ
በሕንፃ ተከባ የቀረች የስንዴ ማሳ አለች፣ ግማሽ ጎኗ ታጭዶ፤
ወደሷ እያየ፦ «ስንቱን ነቀልነው» አለ።
ቆይቶ ደግሞ፦
«በቅሎዋ ግን ታውቅ ነበር።»

ስኳሬ አልጠፋም። በበዓል ይሰቅላል፣ በጾም ይወርዳል፤
አንዳንድ ቀን ቦምቦሊኖው በስሜ ይጣራል።
ዛሬ ተራው የኔ ነው፤ እታገኝ ተኝታለች።
ውኃው ፈላ። እፍኜን ስሰፍር አንዲት ፍሬ አመለጠች፤
ጎንበስ ብዬ በሁለት ጣት አነሳኋት፣
እፍ ብዬ፣ ከጓደኞቿ ጋር ከተትኳት።