ዘይቱ ሲረጋ

እኛ ቤት የወይራ ዘይት መድኃኒት ነበር፤
አውራ ጣት በምታህል ጠርሙስ የሚያድር፣
ከአራዳ ፋርማሲ የተገዛ በምክር፣
ቁም ሳጥን አናት ላይ፣ ከቁልፉ ጋር።
ጆሮው ለጠዘጠዘው አንድ ጠብታ በጥጥ፣
ለጨቅላ ገላ፣ ለከንፈር መላላጥ፤
ከዚያ ካለፈ እናቴ ትቆጣለች፣
«ይሄ እንደ ኑግ መሰላችሁ ወይ?» ትላለች።

ወይራስ እኛም አለን፣ ጦሳ ጥግ የበቀለ፣
ጢሱ የእርጎ ቅል ያጠነ፣ ዱላው ስንት ጠብ የገላገለ፤
ዘይት አልቅሶ ግን አያውቅም።
ወይም ያስለቀሰው የለም።

በሰባተኛው ዓመት ረምላ መጣች ከቤይሩት።
ጎረቤቱ ሻንጣዋን በዓይኑ መዘነ፣
ወርቅ ነው፣ ስልክ ነው እያለ ተመነ።
ብርድ ልብሱ ሲፈታ፣ ፎጣው ሲነሳ፣
ጎኑ የተሰረጎደ የአምስት ሊትር ጣሳ።
«ምነው ልጄ!» አሉ እትዬ ዘርፌ፣
«ዘይትማ እዚህም አገኝ ነበር፣ ቀበሌ ተሰልፌ!»

በነጋታው መጥበሻ ላይ አፈሰሰችው፣
እንዲሁ፣ እንደ ውሃ፣ ሳትለካው።
«ኧረ መድኃኒቱን!» ብላ እናቴ ጮኸች፤
ረምላ ሽንኩርቷን አማሰለች፣
የደቀቀ ባቄላ፣ ከሙን፣ ሎሚ ጨመረች፣
ከላይ ደግሞ ሌላ ዘይት፣ ጥሬውን፣ አንቆረቆረች።
ጥሬ ዘይት! አባቴ ቢስሚላህ ብሎ ቀመሰ፤
ዝም አለ። ዳቦውን ቆረሰ፤
ደግሞም ቆረሰ።

ኅዳር ላይ የጦሳ ውርጭ በር ዘልቆ ገባ፤
ዘይቱ ጣሳው ውስጥ ነጣ፣ እንደ ሞራ ረጋ።
«አጭበርብረውሻል፣» አሉ እትዬ ዘርፌ በጣታቸው ነክተው፤
ረምላ አልመለሰችም። ክዳኑን ገጠመችው።
ሰፈሩ ሁሉ «ረጋ ብላለች፣ አድጋለች» ይላል ስለ እሷ፤
እኔ ያን ጠዋት ነው የገባኝ፣ ዓይኔ ሲያርፍ በጣሳዋ፦
መርጋት ሁለት ነው።
አንዱ የሰከነው፣
አንዱ የበረደው።

ጥር ላይ ሐረጎን ወረድን፣ ጣሳው ጭኔ ላይ፣
ሚኒባሱ በታጠፈ ቁጥር ጆሮዬን አስጠግቼ ይንቀሳቀስ እንደሆን ላይ።
ኮምቦልቻ፣ ቦርከና አጠገብ፣ አንዲት ክፍል፣ አንድ ምድጃ፤
ለፋብሪካ ሠራተኛ ዳቦ ልትጋግር።
እኩለ ቀን ሳይሞላ ዘይቱ ጠራ።
እሷም ሊጡን በዘይት መዳፏ እየዳበሰች፣
ሳልጠይቃት ጀመረች፦

«የመዳም እናት አሮጊት ናት፣ ተራራ ላይ የምትኖር።
ጥቅምት ጥቅምት ወይራ ለቀማ እኔን ትወስደኝ ነበር።
'ባንኩ ተዘጋ' ብለው የአምስት ወር ደሞዜን ሲክዱኝ፣
እሷ ናት ይህን ጣሳ በሌሊት ያሸከመችኝ።
'የልጄን ዕዳ መክፈል አልችልም፣ ያለኝ ይሄው ነው' አለችኝ።»

ለካ ፉሉ ላይ ያንቆረቆረችው ደሞዟን ነው።
ለካ አባቴ ደግሞ የቆረሰው
አንድ ሙሉ ጥቅምት ነው።

ዳቦዋ እስከ ማታ አይደርቅም፤ የሌሊት ፈረቃ ወደደላት።
ቢሆንም ጣሳ ጣሳ ነው። እያደር ሱፍ ደባለቀችበት፣
በኋላም የወይራው ለፊቱ ብቻ ሆነ፣ ለመቀባት።

ለዒድ ደሴ ስትመጣ ያንጠፈጠፈችውን ያዘች
በዚያችው በፋርማሲዋ ጠርሙስ።
የበራችን ማጠፊያ ሲጥ ይላል፣ ድሮም፣ ዘንድሮም።
ጥጥ ነክራ ልትቀባው ስትል፣ እናቴ እጇን ለቀም፦
«ሰባት ዓመት አንድ ጠብታ የነፈግኩት ሰስቼ መሰለሽ?
ሌሊት ብትመጪ እንድሰማሽ ነው።»

ማንም አልተናገረም። ከውጭ የዒድ ልጆች ይጮኻሉ።
ከዚያ እናቴ ጥጡን ተቀበለች፣ በርጩማ ላይ ወጣች፣
የላይኛውን ማጠፊያ ቀባች፣ ቀስ ብላ፣ እንደ ሕፃን ጆሮ።
ታችኛውን ተወችው።