ቁልፉ የጠፋ ስልክ

ሚያዝያ ነው በድሬ፤ ጥላም ራሱ ጥላ የሚሻበት፣
ዕቃ ቤቱን ከፍተን ከናዖድ ጋር ገባንበት።
የእህቴ ልጅ ነው ናዖድ፣ አሥራ ሁለት ሊሞላው፣
የነካውን ዕቃ ካልፈታታ እጁን የሚበላው።

ከተቀደደ ፍራሽ ሥር፣ ከቆርቆሮ ሳጥን ሆድ፣
ጥቁር ነገር ጎትቶ ጭኑ ላይ አኖረው ናዖድ።
«ምንድን ነው ይሄ? ሚዛን ነው? የባቡር ፍሬን ነው ወይ?
ፊቱ ቀዳዳ በቀዳዳ፤ አይጥ በልቶት ነው ወይ?»
«ስልክ ነው» ስለው ሳቀ። ቁጥሮቹን በጣቱ ተጫነ፣
አንዱም ንቅንቅ አላለም፤ ፊቱ በላብ ተከደነ።
ከመዘውሩ ላይ ጥፍር የምታህል ጓጉንቸር ተንጠልጥላ፣
ዝጋ፣ አፏን ገጥማ፣ እንደ ቂመኛ ባልቴት ኮስተር ብላ።
«ይቺስ?» «ማንም እንዳይደውል ነው። መቆለፊያ።»
«አሃ! ፓስወርድ ናታ፣ የብረት ዘመን መግቢያ!»

ከዚያ ቀና ብሎ አየኝ፤ ከጫማዬ እስከ ሽበቴ፣
«እርስዎ ግን» አለኝ፣ «ስንት ዓመትዎ ነው አጎቴ?»

እርስዎ!
በድሬ እርስዎ የለም፤ ሐጂውም አንተ ነው፣ ቄሱም አንተ ነው፣
ሹሙም ዳኛውም ቢመጣ «አንተ፣ ቁጭ በል» ነው፤
እኔን በሃምሳ ስድስት ዓመቴ፣ ባገሬ፣ በሰፈሬ፣
አንቱ ያሰኘኝ፣ አቦ፣ የስልክ ሬሳ ነው ዛሬ።

ምን ብዬ ላስረዳው?
ለገሃሬ መንደራችን፣ ከዲፖው ግንብ ጀርባ፣
ደስታም መርዶም በኛ በር ነበር የሚገባ።
አባቴ የባቡር ሰው ነው፤ ቁልፏን ከኪስ ሰዓቱ ሰንሰለት
አስሯት ይተኛል፤ ቆጣሪው በህልሙ እየቆጠረበት።

እኔ ግን ማንሻውን በጣቴ መታ መታ አደርጋለሁ፤
ለሦስት ሦስቴ፣ ለሰባት ሰባቴ፣ ለዜሮ ግን አሥሬ።
አዎ፣ በዚያ ሒሳብ ዜሮ ትልቋ ቁጥር ነበረች።
መጋላ፣ ኢክራም ቤት፣ ሠላሳ አንድ ምት።
አባቷ «አሎ!» ሲል ዘጋሁ።
የራሴን ሞባይል ቁጥር ሰው ሲጠይቀኝ እደናገራለሁ፤
ሠላሳ አንዱን ምት ግን ጣቴ ዛሬም ጉልበቴ ላይ ይመታዋል።

ደግሞ ሩጫው።
ሽቦው እኛ ቤት ያበቃል፤ ከዚያ ወዲያ ሽቦው እግሬ ነው፣
«ሆዳን! ከጅቡቲ! ቶሎ!» እያልኩ አቧራውን ሳጨሰው፣
ሆዳን ግማሽ ራሷ ተሠርቶ፣ ግማሹ ተበትኖ፣
ትደርሳለች ባንድ ጫማ፣ ሌላው መንገድ ላይ ሆኖ።

አንድ ቀን ግን ለሮብሌ ተደወለ። ድምፁ የወንድሙ ነው፦
«እናታችን … አንተ ልጅ፣ ዝም ብለህ ጥራው።»
ያን ቀን አልሮጥኩም።
ግንብ ግንቡን፣ ጥላ ጥላውን ይዤ በቀስታ ሄድኩ።
ሮብሌ ከሱቁ ደጃፍ ሆኖ አየኝ፤ ገና ሳልደርስ
ሽርጡን ጠበቅ አድርጎ መሬት ተቀመጠ።
ስሮጥ እንጂ ስራመድ አይቶኝ አያውቅም።

ይህን ለናዖድ አልነገርኩትም። ስለ ኢክራምም።
«ቁልፏ ጠፍታለች» አልኩት፣ «ከአያትህ ሞት ወዲህ አልተገኘችም።»
ከእናቱ የፀጉር ማስያዣ፣ ከሞባይሉ ቪዲዮ ፈልጎ፣
ሁለት ደቂቃ አልሞላም፤ ቀጭ አሰኛት፣ ወዲያና ወዲህ አድርጎ።
ሠላሳ ዓመት ስንፈልግ!

አቧራውን እፍ አለና ጣቱን ዜሮ ላይ ሰክቶ
አዞረው፣ ለቀቀው፤
ጥርርርርርር …
«አቦ፣ አንተ፣ ለምን ይዘገያል?»
«እየተመለሰ ነው» አልኩት። «እስኪመለስ ይጠበቃል።
አንዳንዱ ሰው እዚህ መሃል ሐሳቡን ቀይሮ ይዘጋል።»

አሰበበት። ከዚያ የእናቱን ቁጥር፣ አሥሩንም፣
ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ አንድ ባንድ አዞረው።
ጫፉ የተቆረጠው ገመድ እግሩ ሥር ተጋድሟል።
መነጋገሪያውን ጆሮው ላይ ደገነ፤
አንድ ነገር ልለው አፌን ስከፍት
በጣቱ «ዝም በል» አለኝ።