እስከ አምስት

ጎማችን ተንፍሶ፣ ጋራዡ ተዘግቶ፣
ጠጋኙም ለምሳው ወደ ቤቱ ገብቶ፣
ሳስካችዋን ውስጥ፣ ከስንዴ ማሳ ሥር፣
ምን ሥራ ነበረን ከመዞር በስተቀር?

ያሮጌ ባቡር ጣቢያ፣ ቀለሙ የኮበለለ፣
«ሙዚየም» የሚል ጣውላ ወደ ግራ ያጋደለ።
በሩ ላይ ወረቀት፦ «ከተዘጋ ደውሉ፤
ቨርና ትመጣለች፤ እስከዚያ ጥላ ሥር ዋሉ።»

ቨርና መጣች፤ ሰማንያ አንድ ነው ዓመቷ፣
የድንች አፈር ይዟል ያልወለቀው ጓንቷ፣
ቁልፉን በጫማ ክር አስራዋለች ካንገቷ።

የስልክ ማዞሪያ፣ ሽቦው እንደ አንጀት የተዘረገፈ፤
የሠርግ ቀሚስ፣ ሙሽራዋ ማን እንደሆነች ያልተጻፈ፤
ስድስት የልብስ ስፌት መኪና። ለምን ስድስት? እሷም አታውቅም፤
«ሰው ሲሞት ያመጡታል፤ እምቢ አልልም፣ አልጠይቅም።»

እውነቱን ልናገር፦ አዛጋሁ፤
ሰዓቴን ሰርቄ አየሁ።

ከጓዳው ጥግ ነጭ ማቀዝቀዣ ያጉረመርም ነበር፤
«ዋናው እዚህ ነው» አለች፤ «የቀረው ይዋል ይደር።
የምከፍተው እስከ አምስት ነው፤ አብራችሁኝ ቁጠሩ፤
ትንፋሻችሁን ያዙ፤ በኋላ ተናገሩ።»

አንድ።
የመስታወት ብልቃጥ። በውስጡ፣ ጥጥ ላይ፣
ሁለት።
በረዶ። አንዲት ፍሬ በረዶ፣ ከሰማይ
ሦስት።
የወረደች፣ ስንዴው ሊያሽት ሲል፣ ባባቷ ማሳ ላይ።
አራት።
ልጄ ኅሊና እጇን ዘረጋች።
አምስት።
ቨርና ዘጋች።

«የዝይ እንቁላል ታክል ነበር። አባቴ ቢናገር ሳቁበት።
የኢንሹራንሱ ሰው በሦስተኛው ቀን መጣ፣ ሁሉ ከደረቀበት፤
የወደቀውን አገዳ በጫማው ገልብጦ፣
‹ከብት ረግጦት ነው› አለ፣ እስክሪብቶውን መጥጦ።
አባቴ አልተሟገተም። ማቀዝቀዣውን ከፈተ፤
ምስክሩን አውጥቶ ፎርሙ ላይ ጎለተ፤
‹ሳትቀልጥ ጠይቃት› አለው።»

«ከፈለ?» አለች ልጄ።
«ግማሹን።»

በየዓመቱ ትከሳለች፦ ሎሚ ሆነች ያች የዝይ እንቁላል፤
ዘንድሮ ሽምብራ። ለካ ብርድም ቀስ ብሎ ይበላል።
ያባቷን አዝመራ ለፈጀች ጠላት
ልጅ በወር በወሩ መብራት ስትከፍልላት፣
ቂም ይሁን ፍቅር፣ አልጠየቅኋት።
ከሳሽ ሞተ፤ ተከሳሽ ሞተ፤ ፋይሉንም አይጥ በላው፤
ምስክሯ ዛሬም ትጠብቃለች፤ ስሟን የሚጠራው ማነው?

መውጫው ላይ መዝገብ። ከእኛ በፊት የጻፈው፣ ዘጠኝ ቀን አልፎታል፣
«ሽንት ቤቱ ንጹሕ ነው፤ እናመሰግናለን» ብሏል።
ስም። አገር። አስተያየት።
እዚህ ጋ ብዕሬ ቆመ።
ልጄ ነጠቀችኝና፣ በተንሻፈፈ ፊደል፣
ምላሷን በጥርሷ ይዛ፣ ጻፈች፦
«አይተናል»።

ቨርና መነጽሯን አስጠጋች። ምን ይላል አለች። ነገርናት።
አፈር የነካው ጣቷ
በማታውቀው ፊደል ላይ ቀስ እያለ ሄደ፦
አ፣
ይ፣
ተ፣
ና፣
ል፣
«አምስት» አለችና
መዝገቡን ዘጋችው።