አሥራ ሰባት ቁጥር

ልጄ ስልኩን ዘርግቶ ፊቴ ላይ፣
«እማ፣ ይሄን እይ!
መዘውሮች ሊመጡ ነው፣ ቅዳሜ ማታ፣
በድሮው ክበባችሁ፣ በላብአደሩ ቦታ።»

ማየቱንስ አየሁ።
መስማት ነው የቸገረኝ፣ ከተውኩት ቆየሁ፤
የግራ ጆሮዬን ፈትል ክፍል በላው፣
የቀኙን ሽመናው፣ ሌት ተቀን ቢቆላው።

ያኔ በኮምቦልቻ የሚነጋው በጡሩንባ ነበር።
አራጋው መካኒኩ፣ እጁ ግሪስ በግሪስ፤
ዘምዘም ከማቅለሚያው፣
በሰማያዊ ጥፍሯ ዳቦ የምትቆርስ፤
ሙሄ ከመጋዘን፣ አንዲት ካሲዮ ይዞ፣
ከአሰብ የመጣች፣ ሁለት ቁልፏ ደንዝዞ፤
ይመር ከጥበቃ፣ በበርሜል፣ በቆርቆሮ ላይ፣
መፍቻ ጨብጦ ብረት ሲያስለቅስ ላይ በላይ።

አራጋው ግን ከሁሉም የባሰ፤
ከአሥራ ሰባት ቁጥር መሸመኛ ሥር ቴፕ ይዞ እያጎነበሰ
ድምጿን ቀዳ፤ የካሴቱን ክር በምላጭ ቆርጦ፣
ጫፍ ከጫፍ አጣብቆ፣ በእስክሪብቶ ቀፎ ላይ አስሮጦ፣
ያችው ማሽን ዞራ ዞራ እንድትዘፍን አደረጋት፤
ቻካ-ቻክ፣ ቻካ-ቻክ፣ ትንፋሽ እንኳ ሳይሰጣት።

ወሎ አራት ቅኝት አላት ይላል የሚያውቅ ሰው፤
አምስተኛው ከእኛ ወጣ፣ ማንም አልጻፈው።

«ይኼ ዘፈን ነው፣ ወይስ ብልሽት?» አለ ካድሬው ሰምቶ፤
ሥራ አስኪያጁ ደግሞ ጠጋኝ ላከብን፣ ዘይት በጣሳ ሞልቶ።
ጠጋኞቹም መጡ፤ እስከ ንጋት ድረስ
እስክስታ ወረዱ፣ ሳጥኑ ሳይከፈት፣ ዘይቱ ሳይፈስ።
ደሴ ላይ ባለሱቁ ካሴቱን መለሰ፤
«ቴፔን አበላሸው» እያለ ገዢ ሁሉ ከሰሰ።

ሰማንያ አንድ ላይ አራጋው ዘመተ።
ሞተ ያለ የለም። አለ ያለም የለም።
ሙሄ ጅቡቲ ገባ። ይመር ሐርቡ ወርዶ ሽንኩርት ተከለ።
አሥራ ሰባት ቁጥርም፣ ባለፈው ዓመት በጋ፣
በኪሎ ተሸጠች፣ እንደ በሬ ሥጋ።

ቅዳሜ ሄድኩ።
ወጣቱ ጢም ብሏል፤
አንዱ ፀጉሩን ግማሽ ላጭቶ ግማሹን አቅልሟል።
ዘምዘም ወጣች በምርኩዝ፤ ጥፍሯ ዛሬም ሰማያዊ።
ተቀብታው ይሆን፣ ወይስ ያው የድሮው? እንጃ።
ካሲዮዋ በፕላስተር ታስራለች።
አራት ወንበር ነበር፤ አራተኛው ላይ
ቴፑን አስቀመጡት፣ ከነእስክሪብቶ ቀፎው።

እኔ አልሰማም። ጫማዬን አወለቅኩ፤
ሲሚንቶው ላይ ቆምኩ።
መጀመሪያ ምንም።
ቀጥሎ ተረከዜን ነካኝ፣ እንደ ሕመም፤
ወጣ በቅልጥሜ፣ በዳሌ፣ በጎኔ፣
ደረቴ ውስጥ ገብቶ ቻካ-ቻክ ሲል አወቅኳት እኔ።

አሥራ ሰባት!
በየአራተኛው ምት የምታነክሳት፣
ማርሿ ጥርስ የጎደላት፤ ስንቱን ሌሊት የሰደብኳት!
በኪሎ የሸጧት ይኸው እዚህ ነች፤
አራጋው በምላጭ ከቆረጣት ወዲህ አንድ ቀን አልጨመረች።

ልጄ ዞሮ «ሰማሽ?» አለኝ በከንፈሩ።
ምን ልበለው?
ልጆቹ ዘለሉ፣ ቀያይ መብራቶች ሲበሩ፣
አዲስ ነገር መስሏቸው። ይሁንላቸው።

ከዚያ አንዴ ቴፑ ዘለለ፤ አንዲት ምት ጎደለ፤
ሰው ሁሉ ጨፈረ፣ ማንም ልብ አላለ፤
እጄ ብቻ ተዘረጋች፣ ሳላዛት፣ በዚያ ጨለማ፣
የክር ጫፍ ፍለጋ፣ ልትቋጥር፣
አሥራ ሰባት ሳትቆም፣ ቀድማ።