ወለል

ሳልሚያ፣ ባሕሩ ዳር፣ ሰባተኛው ፎቅ ላይ፣
በማዳም ስቱዲዮ፣ በመስታወት ሰማይ፣
ስምንት አልጋ አለ፣ ተጋድመው የማይተኙበት፣
በሞላና በገመድ፣ ሴቶች የሚሳቡበት።
እነሱ «ሪፎርመር» ይሉታል፤
እኔ ግን ስወለውለው የሸማኔ ዕቃ ይመስለኛል።

ሥራዬ ወለሉ ነው፤ ጠዋት በርጥብ፣ ማታ በደረቅ ጨርቅ።
እዚህ ስሜ ማርያም ነው፤
እውነተኛውን ማን ጠይቆኝ፣ ማን ሊያውቅ።

ሦስተኛዬን ስወልድ ምጡ ሁለት ሌሊት ነበር።
እናቴ በመቀነት ወገቤን ጥፍር አድርጋ ብታስር፣
የልጁ ክርስትና በተነሣ በሳምንቱ፣ ደላላው ደጅ ላይ ቆሞ
«ቪዛሽ ያልፍብሻል» አለኝ፤
ሄድኩ፣ ሰውነቴ ሳይቋጠር፣ ሳይጠግግ ፈጽሞ።

ከዚያ ወዲህ ከሳል ጋር ተጣላን።
ከሳቅም። ከደረጃም። ከጋዝ ሲሊንደርም።
ከባድ ነገር ባነሣሁ ቁጥር ትንሽ ሳያመልጠኝ አይቀርም።
ጨርቅ አጥፌ እይዛለሁ፤ ጥቁር ቀሚስ እመርጣለሁ፤
ያገሬ ልጅ ቀልድ ስታወራ፣ እግሬን አነባብሬ እስቃለሁ።
ሠላሳ አንድ ዓመቴ ነው።
ለማን ይነገራል? ለባል በስልክ? ለእመቤት?
ገመና ነው፤ ገመና ደግሞ በሰው አገር የለው ቤት።

አንድ ማክሰኞ፣ ክፍሉ ሞልቶ፣ ሪማ ትንፋሽ ስትቆጥር፣
የበረኪናው ሽታ አፍንጫዬን ነካኝ።
ያዝኩት። ያዝኩት። እንጥሽ!
ሞቀኝ፤ እስከ ጉልበቴ ወረደ።
ምን ላድርግ? ባልዲውን በእግሬ ገፋሁት፤
በዚያ ሁሉ ውሃ የኔዋን ጥቂት ደበቅኋት።
«ያ ማርያም!» አለች አንዷ። «ሶሪ፣ ማዳም፣ ሶሪ።»
ጎንበስ ብዬ ወለወልኩ፣ ወንዙን ከነምንጩ።

ሪማ ግን አይታለች። የሊባኖስ ሴት ናት፣ መንታ የወለደች።
ሁሉም እስኪወጡ ጠብቃ፣ አንድ ምንጣፍ ዘረጋች።
«እናትሽ ያወጣችልሽ ስም ማነው?»
«ታንጉት።»
«ታንጎ?»
«እሱም ይሁን።»

ተጋደምኩ። ጉልበቴን አጠፍኩ። በኔ ሰባራ ዐረብኛ፣ በሷ እጅ ምልክት፦
ከአጥንቶችሽ መሐል፣ እንደ ጠፍር አልጋ የተወጠረ፣
ፊኛሽን፣ ማሕፀንሽን፣ አንጀትሽን ተሸክሞ የኖረ፣
ሥጋ አለ። እሱም ወለል ይባላል።

ወለል!
የስንቱን ቤት ወለል ስወለውል ኖሬ፣
የራሴን ሳልሰማ፣ ይኸው እስከ ዛሬ።
ምጥ ወለል አድርጎ ከፍቶት ሲሄድ
«ዝጊው» ያለኝ የለም፤
የረገበ ጠፍር ይወጠራል እንጂ፣ አልጋው እኮ አይጣልም።

«ትንፋሽ ስታስወጪ ወደ ላይ ሳቢው፣
አንዲት ምስር ከመሬት እንደምታነሺ።»
ሳብኩ። እሱንስ አውቃለሁ፤ መያዝ ነው የኖርኩበት።
«አሁን ልቀቂው።»
አልለቅ አለኝ።
«ሁልጊዜ ስለያዝሽ ነው የደከመው» አለች፣
«ጨብጦ የሚያድር እጅ ዕቃ አያነሣም።»

የያዝኩትን ቆጠርኩ፣ ጣሪያውን እያየሁ፦
ማዳም ፓስፖርቴን ስትይዝ፣ እኔ አፌን ይዤ፣
የልጄን የመጀመሪያ እርምጃ በስልክ አይቼ፣
እንባዬን ጉሮሮዬ ላይ አግጄ፣ ሦስት ዓመት።
ትንፋሼ ገባ። ጎኔ ሰፋ።
ከታች አንድ ነገር፣ ውሃ እንደነካው ጠፍር፣ ላላ።
አለቀስኩ። ሪማ ሰዓቷን አላየችም።

ከዚያ ወዲህ አራት ወር፣ ከሥራ በኋላ ሩብ ሰዓት፤
ሌሊት ሌሊት በክፍሌ፣ በፍሪጁና በካውያው ጠረጴዛ መሐል።
ተአምር አይደለም፤
በረመዳን የሳሎኑን ምንጣፍ ስሸከም ተመልሶ አምልጦኛል።

ትናንት በሊፍት ስወርድ፣ ብቻዬን፣
የበረሃው አቧራ አፍንጫዬን ነካኝ።
ሳብኩ። እንጥሽ!
ጠበቅሁ። ደረቅ ነው።
«ይማርሽ» የሚለኝ ስለሌለ፣
መስታወቱ ውስጥ ላለችው ሴት ራሴ አልኳት፦
«ይማርሽ፣ ታንጉት።»
አራተኛ ፎቅ በሩ ተከፈተ፤ አንድ ሰውዬ ገባ፣
ባልዲዬን አየና እግሩን ሰበሰበ።