አሥር ፍሬ

ረቡዕ ማታ ነው፤ ጉሙ ከጦሳ ወርዶ
የሆጤን ቆርቆሮ ባንድ ጊዜ ጋርዶ፣
"በረደኝ" አለችኝ፤ ጋቢ ደረብኩላት፣
ጋቢውም አልበቃ፣ ቡልኮ ጨመርኩላት።
ጥርሷ ይንቀጫቀጫል፣ ግንባሯ ግን እሳት።
"ጉንፋን ነው" አልኳት፣ "ለማንም አይቀር፤
አብሽሪ ጦይባ፣ ይለቅሻል በፌጦ፣ በነጭ ሽንኩርትና ማር።"

ሐሙስም እንዲሁ፤ ፌጦው አላቆመው።
ጁምዓ ሲነጋ ግን ትንፋሿ ሌላ ነው፤
አንድ እጇ ደረቷን፣ አንድ እጇ የሰባት ወር ሆዷን ነው የያዘው።

ጤና ጣቢያ ሲስተር ውባለም
አፍንጫዋን በጥጥ ነካ አርጋ፣ "ይሄ ተራ ጉንፋን አይደለም፣
ኢንፍሉዌንዛ ነው። መቼ ጀመራት?"
"ረቡዕ፣ መግሪብ ላይ።"
ሰዓቱን አየች፣ ቀና ብላ ወደ ላይ፣
በጣቷ ቆጠረች። "ቢዘገይም ይሰጣል፤
ሁለት ቀን ሳይሞላ ቢጀመር ግን ይሻላል።
ነፍሰ ጡር ናት፣ ሳንባዋ ጋ ሳይደርስ፣
ሩጥ!"

ፒያሳ "አልቋል" አሉኝ፤ ቧንቧ ውሃ "የለም"፤
ጀሜ ላይ ያለችው ስሙን ሰምታው አታውቅም።
ሰኞ ገበያ ስደርስ አዛን ተብሏል፤
ጋሽ ሙሄ መድኃኒት ቤቱን ቆልፎ መስገጃውን ይዟል።
ወረቀቱን አይቶ በሩን መልሶ ከፈተ፤
አንድ ፓኮ አወረደ፣ ማብቂያ ቀኑን በአውራ ጣቱ አሽቶ ተመለከተ።
"አምስት ቀን ከዛሬ፤
ጠዋት አንድ፣ ማታ አንድ፣ በጠቅላላው አሥር ፍሬ።
ምግብ ትቅመስበት።"

"ያድናታል?" አልኩት።

"ደዌው ጓዳ ገብቶ፣ ተራብቶ ነው ወደ ጎረቤት የሚያልፈው፤
ይሄ በሩን ይይዝበታል እንጂ የገባውን አይገድለው።
ሕመሟን ባንድ ቀን ቢያሳጥርላት ነው፣
ከባዱን ቢያስቀርላት ነው።"

አንድ ቀን!
የሁለት ኮት ስፌት ከፍዬ፣ አንድ ቀን!
ልብስ ሰፊ ነኝ፤ ጨርቅ በሜትር እገዛለሁ፣
ቀን ግን ገዝቼ አላውቅም።

ቅዳሜ አስመለሳት። እሑድ ትኩሳቱ ረገብ
አለና በሶ አማራት። ስድስቱን ውጣለች፤ አራቱን በመሐረብ
ስትቋጥር ደረስኩ። "ለይመር ልጅ" አለችኝ፣ "እሱም ያስለዋል፤
ለኔ በቅቶኛል፣ ባንድ ሰው መድኃኒት ሁለት ሰው ይድናል።"
ወሎዬ ናት፤ ምን ልበላት?
ሳታካፍል የበላችበትን ቀን አላውቅላት።

"ጦይባ፣ ከዳቦ ይቆረሳል፤
ከዚህ ግን አይቆረስም፣ ግማሹ ላንቺም ለሱም ይጎድላል።"
መሐረቡን ፈታሁ።
ልጁን በነጋታው አዝዬ ውባለም ዘንድ ወሰድኩት።
የሱስ ጉንፋን ነበር። ተራው። ፌጦ የሚበቃው።

ማክሰኞ ማታ አሥረኛዋን ዋጠች።
ረቡዕ ጉሙ ሲገለጥ ደጃፉ ላይ ተቀመጠች፣
ሳትሠራ፣ ሳታወራ፣ ብርቱካን እየላጠች።
"እጅህን አምጣ" ብላ ሆዷ ላይ ጣለችው፤
አንዲት ተረከዝ ከውስጥ መታችው።

ይቺ ትሆን እንዴ፣ ያቺ የገዛኋት ቀን?
ማንን እጠይቃለሁ!
ባዶውን ቅርፊት፣ አሥር ቀዳዳ ያለውን፣
ከስፌት መኪናዬ መሳቢያ፣ ካዝራሮቹ ጋር አኑሬዋለሁ።